በብዕር ማደር ይቻላልን?

አንባቢ ሆይ፤ ማንበብ የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ቀን መጻፍ ያምረዋል። መጻፍ ያማረው ሰው ደግሞ ጥቂት ገጽ ከሞከረና ወዳጆቹ «ግሩም ነው!» ካሉት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ወንበር ይቆረቁረው ይጀምራል። ከጠዋት እስከ ማታ የሚያገላብጠው ፋይል ዕድሜውን የሚበላው ይመስለዋል። የአለቃው ቁጣ፣ የሰዓት ፊርማው፣ የሻይ ሰዓቱ ወሬ፣ ሁሉም ከብዕሩ ሊለዩት የተማማሉ ጠላቶች ሆነው ይታዩታል። «ለምን ሥራዬን ለቅቄ በጽሑፍ ብቻ አልተዳደርም?» የሚለው ሐሳብ ብቅ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው።

የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ጥያቄው የብዙ ወጣት ጥያቄ በመሆኑ ሊናቅ አይገባውም። በማስተምርበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ አንድ ሁለት ተማሪዎች ደወል ከተደወለ በኋላ ወደ ኋላ ቀርተው «መምህር፣ ደራሲ ለመሆን ምን ልማር?» ይሉኛል። በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመሩ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼም በሌላ አነጋገር ያንኑ ይጠይቁኛል። እኔም ቀን ጠመኔ፣ ማታ ብዕር የምይዝ ሰው ስለሆንኩ ጉዳዩ ከሩቅ የምመለከተው አይደለም። «አንተ» እያልኩ ስጽፍ አንቺንም እኅቴን ጨምሬ መሆኑን ግን አስቀድሜ ልናገር።

በመጀመሪያ ነገሩን በስሙ እንጥራው። ፈረንጆች «ፍሪላንስ» የሚሉት፣ ለአንድ አሠሪ ሳይቀጠር ጽሑፉን ለፈለገው ሁሉ እየሸጠ የሚኖረውን ሰው ነው። እኛ አገር አንዳንዶች «ነጻ ጸሐፊ» ብለው ተርጉመውታል። ትርጉሙ ባይከፋም ሁለቱም ቃላት ጣጣ አለባቸው። «ጸሐፊ» በእኛ ቋንቋ መጽሐፍ የሚደርሰውም፣ ከአለቃ በር ላይ ተቀምጦ ደብዳቤ የሚጽፈውም ነው። ቤት ልትከራይ ሄደህ አከራይዋ «ልጄ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» ሲሉህ «ጸሐፊ ነኝ» ብትላቸው፣ «የየትኛው መሥሪያ ቤት?» ማለታቸው አይቀርም። «የየትኛውም አይደለሁም፤ ነጻ ጸሐፊ ነኝ» ካልክማ የሦስት ወሩን ኪራይ በቅድሚያ ይጠይቁሃል። «ነጻ» የሚለውም ቃል እንደዚሁ ነው። አርነት ያለውም ነጻ ይባላል፤ ያለ ዋጋ የሚሰጥም ነጻ ይባላል። አንዳንድ ጽሑፍ አስጻፊዎች ሁለተኛውን ትርጉም ብቻ የሚያውቁ ይመስላሉ። ስለዚህ እኔ ለዛሬው «ብዕር አደር» ማለትን መርጫለሁ። አርሶ አደር በእርሻው፣ ወዝ አደር በወዙ እንደሚያድር፣ ይኸኛውም በብዕሩ ያድራልና።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ብዕር አደር ለመሆን ሥራን መልቀቅ መቼ ይገባል? ከየአገሩ ደራስያን ኑሮ ጥቂት ምስክሮች እንጥራ።

የመጀመሪያው ምስክር እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ ነው። ይህ ሰው በሁለቱም ትርጉም ጸሐፊ ነበር። በ1834 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በ19 ዓመቱ፣ በለንደን ፖስታ ቤት በዓመት 90 ፓውንድ ደመወዝ በተራ ጸሐፊነት ተቀጠረ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ የታተመው በ1847 ነው። ያ መጽሐፍና ቀጥሎ የመጣው ሁለተኛው ምንም ገንዘብ አላስገቡለትም። ቢሆንም መጻፉንም ሆነ ፖስታ ቤቱን አልተወም። ልማዱ በሰፊው የታወቀ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከጽሕፈት ጠረጴዛው ይቀመጣል፤ ቡና ይዞ እንዲቀሰቅሰው ለአንድ ሽማግሌ አገልጋይ በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ ይከፍለው ነበር። ከዚያም ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ለመጻፍ ራሱን ያስገድዳል። ቁርስ ሳይደርስ የደራሲነት ሥራው ያልቃል፤ ከቁርስ በኋላ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ለሥራ ጉዳይ በባቡር ሲሄድም ጉልበቱ ላይ ሰሌዳ አስቀምጦ ይጽፋል። በዚህ ሁኔታ በዕድሜው 47 ልብ ወለዶች ደርሷል። በእንግሊዝ መንገዶች ዳር የሚታየውን የደብዳቤ ሣጥን በማስተዋወቅ ረገድም ስሙ ይነሣል። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱም ወንበር አሟቂ አልነበረም ማለት ነው።

ትሮሎፕ ከፖስታ ቤት የለቀቀው በ1867፣ ከ33 ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው። ጡረታ ለመውጣት ገና ዓመታት ይቀሩት ስለነበር መብቱ ቀረበት። ነገር ግን አስቀድሞ የቆረጠው ነገር ነበር፤ ይኸውም የሚያጣውን ጡረታ የሚተካ ገንዘብ ከመጽሐፎቹ ገቢ እስኪያጠራቅም ድረስ ላይለቅ ነው። ያንን ካጠራቀመ በኋላ ለቀቀ። በሞተ በዓመቱ፣ በ1883፣ በታተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ከመጻሕፍቱ ያገኘውን ገንዘብ እያንዳንዱን ዘርዝሮ ድምሩን 68,939 ፓውንድ ከነሽርፍራፊው ጽፎታል። ብዙ ሰዎች በዚህ አፈሩበት፤ ደራሲ እንደ ባለ ሱቅ ሒሳብ ይይዛልን አሉ። እኔ ግን ሥራ ለመልቀቅ የሚያስብ ወጣት ከልብ ወለዶቹ አስቀድሞ ይህን ዝርዝር ቢያነበው እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ምስክር ሩሲያዊው አንቶን ቼኮቭ ነው። በሞስኮ ሕክምና ሲማር የቤተሰቡ ሸክም በጫንቃው ላይ ስለነበር ከ1880 ጀምሮ ለቀልድ መጽሔቶች አጫጭር ታሪኮችን ይሸጥ ነበር። «ኦስኮልኪ» የተባለው መጽሔት ይከፍለው የነበረው በመስመር 8 ኮፔክ ነው፤ አንዱ ታሪክም ከመቶ መስመር ገደማ እንዳያልፍ ይፈለጋል። ቼኮቭ ይህን ገበያ በሚገባ ተማረ። በ1886 ግን ግሪጎሮቪች የተባለ አንጋፋ ደራሲ ደብዳቤ ጻፈለትና ተሰጥዎህን አክብር፣ አትቸኩል ሲል መከረው። ቼኮቭ በመልሱ ከአንድ ቀን በላይ የሠራበት ታሪክ እንደማያስታውስ ገለጸ። ከዚያ በኋላ ዝግ ብሎ ረዘም ያሉ ሥራዎችን መጻፍ ጀመረ፤ በ1888ም የፑሽኪንን ሽልማት ተቀበለ። የሐኪምነት ሙያውን ግን አልጣለውም።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ለመብላት የሚጽፍ ሰው ገዢው በሚፈልገው ልክ ይጽፋል። ገዢው መቶ መስመር ከፈለገ መቶ መስመር ነው፤ ቀልድ ከፈለገ ቀልድ ነው። ከአለቃ ቁጣ ሸሽቶ ብዕር አደር የሆነ ሰው አንዱን አለቃ በአሥር አለቃ ለውጦ ያገኘዋል። አንዱ ማሳጠር ይወዳል፤ ሌላው ማስረዘም ይወዳል፤ ሦስተኛው «እስቲ እንደገና ሞክረው» ብሎ ለወር ይጠፋል። «ነጻ እሆናለሁ» ብለህ የምትወጣ ከሆነ ከማን ነጻ እንደምትሆን አስብበት።

ሦስተኛው ምስክር ከሁለቱ ይለያል። ጆርጅ ኦርዌል በሚል የብዕር ስም የምናውቀው ሰው በ1922 በበርማ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ፖሊስ ሆኖ ተቀጠረ፤ በ1927 ሥራውን ለቀቀ። ጠርቀም ያለ ደመወዝ ነበረው፤ ያጠራቀመው ግን ብዙ አልነበረም፤ የታተመ መጽሐፍም አልነበረውም። የለቀቀበት ምክንያት የጽሕፈት ፍላጎት ብቻ ሳይሆን የቅኝ ገዢነት ሥራው ኅሊናውን ስለቆረቆረው ነው። ከዚያ በኋላ በፓሪስ ሳሕን አጠበ፤ በእንግሊዝ አገር አስተማረ፤ መጻሕፍት መሸጫ ውስጥም ሠራ። የመጀመሪያ መጽሐፉ የወጣው በ1933 ነው። ከለቀቀበት ቀን አንሥቶ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው።

ኦርዌል ትክክል አልነበረም ለማለት የሚደፍር ያለ አይመስለኝም። ኅሊናን የሚያቆስል ሥራ ሲገጥም ሒሳብ ሳይሠሩ መውጣት ይገባል። ነገር ግን ስድስት ዓመት ሳሕን ማጠብንም ጨምሮ መክፈል እንዳለ ማወቅ ያሻል። የፋይሉ ብዛት ያሰለቸው ሰውና ኅሊናው የቆሰለ ሰው አንድ አይደሉም። የትኛው እንደሆንክ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከታላላቅ የአማርኛ ደራስያን ብዙዎቹ በሌላ እንጀራ ያደሩ ናቸው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የረጅም ዘመን ዲፕሎማትና ባለሥልጣን ነበሩ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በአስተማሪነትና በጋዜጠኝነት ኖሯል፤ «ሌቱም አይነጋልኝ» የተባለው ሥራው ለኅትመት የበቃው ከተጻፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ይህን ነገር ቆም ብለህ ተመልከተው። አንድ ሰው የሚሻለውን ሥራውን ዛሬ ጽፎ ገዢው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ታዲያ እስከዚያ ድረስ ደራሲው ምን ይብላ?

ደፍረው የወጡም አሉ። አቤ ጉበኛ የመሥሪያ ቤት ሥራን ትቶ በብዕር ለመተዳደር ከሞከሩት ቀደምት የአማርኛ ደራስያን አንዱ ነው። በልብ ወለድም፣ በግጥምም፣ በቲያትርም ብዙ ጻፈ፤ ብዙ አንባቢም አገኘ። ነገር ግን በ1950ዎቹ የታተመው «አልወለድም» ታገደ፤ ደራሲውም ኋላ ለግዞት ተዳርጓል። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው መጽሐፉ ቢታገድበት ያዝናል፤ ብዕር አደር ግን መጽሐፉ ሲታገድ እንጀራውም አብሮ ይታገዳል። ይህን ስል ደመወዝ ጋሻ ነው ማለቴ አይደለም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ሲታተም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ሥልጣን ነበረው። ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። እውነት የሚጻፍበት ብዕር በየትኛውም ወንበር ላይ ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ «ሥራዬን የምለቀው በነጻነት ለመጻፍ ነው» የምትለኝ ከሆነ፣ ድፍረቱ ከወንበሩ ጋራ የሚመጣ ወይም የሚሄድ አለመሆኑን ከሁለቱ ሰዎች ታሪክ መረዳት ትችላለህ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። እንበልና አንድ ጽሑፍ የደመወዝህን አንድ አሥረኛ ያስገኝልሃል። የደመወዝህን ያህል ለማግኘት በወር 10 ጽሑፍ መሸጥ አለብህ ማለት ነው። ለአንዱ ጽሑፍ አንድ ቀን ማጥኛ፣ አንድ ቀን መጻፊያ፣ አንድ ቀን ማረሚያ ብትሰጠው 30 ቀን ሞላ። ገዢ ፍለጋ የምትዞርበት ቀን የለህም፤ የምትታመምበት ቀን የለህም፤ ለቅሶ የምትደርስበት ቀን የለህም። ከ10ሩ ሁለቱ ቢመለሱብህና የሦስቱ ክፍያ ቢዘገይብህ የወሩ ገቢህ ግማሽ ነው። ክፍያ ደግሞ መዘግየቱ አይቀርም። አንድ ድርጅት በጽሑፍ የተዋዋልነውን የትርጉም ዋጋ የከፈለኝ በስምንተኛው ወር ነው። እኔ እስከዚያው ድረስ ደመወዝ ነበረኝ። ባይኖረኝ ኖሮ ያ ገንዘብ የላም አለኝ በሰማይ ነበር።

ወራችንንም አትርሳ። እኛ በ13 ወር ጸጋ ስንመካ ደመወዝ የሚከፈለን 12 ጊዜ ነው። ጳጉሜ ስትመጣ ኪስ እንዴት እንደሚጨነቅ ደመወዝተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ለደመወዝተኛ ግን ጳጉሜ በዓመት አንድ ጊዜ ናት፤ ለብዕር አደር ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያለው ወር ሁሉ ጳጉሜ ሊሆንበት ይችላል።

ከደመወዝህ ጋራ የሚመጣ የማይታይ ገንዘብም አለ። ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ለጡረታ 7 ከመቶ ሲቆረጥ መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ 11 ከመቶ ይጨምርበታል። ወጣት ሆነን የምናየው የሚቆረጠውን ብቻ ነው፤ የሚጨመረውን የምናስታውሰው ፀጉራችን ሲሸብት ይሆናል። ለራሱ የሚያድር ሰው ሁለቱንም ከገዛ ኪሱ ማስቀመጥ አለበት።

«እኔ የምጽፈው ለጋዜጣ ሳይሆን መጽሐፍ ነው» የምትል ከሆነ ደግሞ የመጽሐፉን መንገድ ተከተለው። በአገራችን ብዙ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ወይም በብድር ነው። ወረቀቱ ከውጭ ይመጣል፤ የውጭ ምንዛሪ በተወደደ ቁጥር የማተሚያ ቤቱም ዋጋ ይወደዳል። ከታተመ በኋላ አከፋፋዩ ድርሻውን ያነሣል፤ መደብሩ ያነሣል፤ መጽሐፍ ደርድሮ በየመንገዱ የሚዞረው አዟሪም የድካሙን ያነሣል። ደራሲው መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል። መጽሐፉ ከተወደደለት ደግሞ ሌላ መከራ ይመጣል፤ አንድ ሰው ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አንሥቶ ያለ ፈቃድ በቴሌግራም ይበትንለታል። ብዙ ሰው ያነበበው፣ ጥቂት ሰው የገዛው መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል።

ሕግ የለምን? አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ደንግጎ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። የደራሲው የጥቅም መብት በዕድሜው ዘመን ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይጠበቃል። ነገር ግን በዚሁ አዋጅ ውስጥ ወጣት ጸሐፊ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በቅጥር ሥራህ ግዴታ ወይም በሌላ ሰው ትእዛዝ የጻፍከው ጽሑፍ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለመብቱ አሠሪህ ወይም አዛዡ ነው። ስለዚህ የአንድ ባለጸጋን የሕይወት ታሪክ ወይም የአንድ ድርጅትን መጽሔት ለመጻፍ ስትስማማ መብቱ የማን እንደሆነ በውሉ ላይ በቀለም አስፍር። «ወንድሜ ነው፤ አይከዳኝም» ብሎ ያለ ውል መሥራት ወንድምንም ጽሑፍንም ያሳጣል።

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው «ይህ አስተማሪ የሚለን አርፋችሁ ተቀመጡ ነው» ብሎ ይፈርድብኝ ይሆናል። አይደለም። የምለው ሥራ መልቀቅ የጽሕፈት ፍሬ ይሁን እንጂ የጽሕፈት ዘር አይሁን ነው። መጽሐፉ ገና ያልተጀመረ ሰው ሥራ ስለለቀቀ ብቻ አይጀምረውም። በቢሮ ቀን ሁለት ሰዓት ያልቆጠበ ሰው፣ ሃያ አራቱም ሰዓት ሲሰጠው ሃያ አራቱንም ያባክናል። እንዲያውም ጠዋት የሚጠብቀው ሰው የሌለው ቀን ከሁሉ የከፋ አለቃ ነው።

ስለዚህ ከመልቀቅህ በፊት አንድ ዓመት፣ ከመስከረም እስከ መስከረም፣ ሦስት ነገር ፈትን። እነዚህም ሰዓት፣ ገዢና ስንቅ ናቸው።

ሰዓት የምለው ይህ ነው። ከሥራ በፊት ወይም ከሥራ በኋላ የማይነካ ጊዜ ለይ። በቀን 300 ቃላት ብቻ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት 48 ሳምንት ብትጽፍ 72,000 ቃላት ይሆናል። ይህ መለስተኛ ልብ ወለድ ነው። 300 ቃላት ከዚህ ጽሑፍ ሦስት አራት አንቀጽ ቢሆን ነው፤ ለመንግሥት ሥራም እንቅፋት አይሆንም። ዓመቱ ሲያልቅ 72,000ው ቃላት ከጠረጴዛህ ላይ ከሌሉ፣ የጎደለህ ጊዜ ነው ወይስ ፍላጎት የሚለውን ራስህን በእውነት ጠይቅ። መልሱ መራራ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ደመወዝ ሳለ ቢሰሙት ይሻላል።

ገዢ የምለው ደግሞ ወዳጅ ያልሆነ ሰው ነው። ወዳጅ ያመሰግናል፤ ገዢ ይከፍላል። በዓመቱ ውስጥ ገንዘብ ከፍለው ጽሑፍህን የወሰዱ ስንት ናቸው? ከእነርሱስ ተመልሰው የመጡ ስንት ናቸው? አንድ ጊዜ የገዛ ሰው ምናልባት አዝኖልህ ይሆናል፤ ሦስት ጊዜ የገዛ ሰው ግን ጽሑፉን ፈልጎታል። ቢያንስ ሦስት አራት እንዲህ ያሉ ገዢዎች ሳይኖሩህ አትውጣ። አንዱ ብቻ ካለህ ደግሞ ብዕር አደር ሆንክ አይባልም፤ ጡረታ የሌለው ቅጥረኛ ነህ። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ስንቅ ነው። መንገደኛ ያለ ስንቅ አይወጣም። ቢያንስ የስድስት ወር የቤት ወጪ፣ ቢቻል የዓመት፣ በባንክ ሊኖርህ ይገባል። ወጪውን ስታሰላ የአንተን ሆድ ብቻ አትቁጠር። በአገራችን የአንድ ወጣት ደመወዝ የአንድ ሰው ደመወዝ ሆኖ አያውቅም። ከደመወዝህ ላይ እናትህ አሉበት፤ የምታስተምራት እኅትህ አለችበት፤ ዕቁብህና ዕድርህም አሉበት። አንተ «ለጥበብ ስል ጾሜን አድራለሁ» ብትል ያምርብሃል፤ እኅትህን የትምህርት ቤት ክፍያ አጥታ ስታስቀር ግን የምትጾመው እርሷ ናት። ስለዚህ ውሳኔው ካንተ ይምጣ እንጂ ምክሩ ከእነርሱ ጋራ ይሁን። የዓመቱን ሥራህን፣ የገዢዎችህን ዝርዝርና የባንክ ደብተርህን ይዘህ ብትነግራቸው ይረዱሃል። ባዶ እጅህን ሆነህ «ተሰጥዎ አለኝ» ብትላቸው ግን ጠበል ይወስዱሃል።

አንድ መካከለኛ መንገድም አለ። እንግሊዛዊ ዜግነት የወሰደው ባለቅኔ ቲ. ኤስ. ኤልየት ከ1917 እስከ 1925 በለንደን የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ ዝናን ያተረፈበት ረጅም ግጥሙ በ1922 ሲወጣም ባንኩን አልለቀቀም። ወዳጆቹ ከባንክ ሊያወጡት ገንዘብ ማዋጣት ጀምረው ነበር። እርሱ ግን በመጨረሻ የወጣው ወደ መጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት ነው፤ ከደመወዝ ወደ ደመወዝ ተሻገረ እንጂ ወደ ባዶ ሜዳ አልዘለለም። አንተም የምትጠላው ደመወዝን ሳይሆን ያንን አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል። ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ትርጉም ክፍል፣ ወደ ሕዝብ ግንኙነት መዛወር ይቻል እንደሆነ አስቀድመህ መርምር። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ደብዳቤና መግለጫ የጻፈ እጅ ማታ ልብ ወለድ ለመጻፍ እንደሚዝል እወቅ። ለአንዳንድ ሰው ብዕር የማይነካበት ሥራ ለብዕሩ ይሻለዋል።

ተማሪ የሆንክ አንባቢዬ፣ ላንተ የምለው አጭር ነው። ደራሲ ለመሆን የግድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ መሆን የለብህም። ሕክምና ቼኮቭን ሰው የሚታመምበትንና የሚዋሽበትን መንገድ አሳይቶታል። እርሻም ተማር፣ ሕግም ተማር፣ ሒሳብም ተማር፤ ብዕር የሚጽፈው ነገር ይፈልጋልና ዕውቀትህ ስንቅ ይሆነዋል።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ሆይ፤ አንተ ደግሞ የምትንቀውን መዝገብ ቤት እንደገና ተመልከተው። በዚያ ፋይል ውስጥ የርስት ክርክር አለ፤ የባልና የሚስት ፍቺ አለ፤ ልጁ የጠፋበት አባት ማመልከቻ አለ። ምሥጢሩን ጠብቅ፤ ስሙን አታውጣ፤ ነገር ግን ሰው መንግሥትን ሲለምን እንዴት እንደሚናገር አድምጥ። ሥራ ፈትቶ ካፌ የሚውል ደራሲ ይህን አነጋገር በገንዘብ አያገኘውም።

ዓመቱ አልፎ ሰዓቱም፣ ገዢውም፣ ስንቁም ከተሟላ ግን አታመንታ። ያን ጊዜ እዚያው ወንበር ላይ መቀመጥ ትዕግሥት መሆኑ ይቀርና ፍርሃት ይሆናል፤ ፍርሃትም እንደ ችኮላ ብዙ መጻሕፍትን አስቀርቷል። አለቃህን አመስግነህ፣ ያለብህን ንብረት አስረክበህ፣ በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋ፤ ወደፊት ጽሑፍህን ከሚገዙት አንዱ ያው መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል።

እስከዚያው ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተህ ጻፍ፤ ወሩ ሲያልቅም ደመወዝህን ያለ ሐፍረት ተቀበል።